ገዢው ማን ነው?

የምሠራው በአንድ የኦዲት ድርጅት ውስጥ ነው። አብዛኛው ድርጅት ሒሳቡን ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ሐምሌ ከገባ በኋላ ያሉትን ወራት የምናሳልፈው በሰው ቢሮ፣ በሰው ፋይል መሃል ነው። ከነዚህ ወራት በአንዱ አንድ የመጋዘን ሽያጭ ገጠመን። ነገሩን ያወጣው አብሮኝ የሚሠራ ጀማሪ ኦዲተር ነው። ዓይኑን የገለጠለት ደግሞ ቼልሲ ነው።

ልጁ የለየለት የቼልሲ ደጋፊ ነው። ጨዋታ ብቻ አይደለም የሚያየው፤ የክለቡን የሒሳብ ሪፖርት ሳይቀር አውርዶ ያነባል። ምሳ ላይ ከአንድ የአርሰናል ደጋፊ ባልደረባችን ጋር ሁልጊዜ እንደተያያዙ ነው። በዚያ ሰሞን የያዙት ክርክር የሆቴሎቹ ጉዳይ ነበር።

ነገሩን ላልተከታተለ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. እስከ 2025/26 የውድድር ዘመን ድረስ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ የቆየ ክለብ የሦስት ዓመት ድምር ኪሳራው ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳይበልጥ ደንብ ነበረበት። ኤቨርተን ጣሪያውን በ19.5 ሚሊዮን አልፈሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ 10 ነጥብ ተቀነሰበት፤ በይግባኝ ወደ 6 ወረደለት። ኖቲንግሃም ፎረስትም 4 ነጥብ አጥቷል። ቼልሲ ግን እነ ቶድ ቦህሊ በ2022 ከአብራሞቪች እጅ ከገዙት ወዲህ ለተጫዋቾች ግዢ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ ነጥብ አልተነካበትም። አንዱ ዘዴ ይሄ ነው፦ ስታምፎርድ ብሪጅ ግቢ ያሉትን ሁለት ሆቴሎች በ76.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። የሸጠው ለራሱ እህት ኩባንያ ነው። ቀጥሎ የሴቶቹን ቡድን እንዲሁ ለባለቤቶቹ ኩባንያ ወደ 200 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ አስተላለፈ። በዚያ ዓመት ክለቡ ከ128 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ትርፍ አስመዘገበ።

"ሕጉ ይፈቅዳል እኮ!" ይላል ልጁ። "ሊጉ ዋጋውን አይቶ አጽድቆታል። ታዲያ ምን አጠፋን?"

"ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ አዛውራችሁ ትርፍ ትላላችሁ" ይለዋል የአርሰናሉ።

የሄድንበት ድርጅት የግንባታ ዕቃ አስመጪ ነው። ባለቤቱ ትራንስፖርትም ሪል ስቴትም አላቸው። ያለፈው ዓመት ሒሳባቸው ኪሳራ ነበር። ዘንድሮ ግን ትርፍ ያሳያል። ከባንክ ብድር ጠይቀዋል፤ ባንኩ ደግሞ ኦዲት የተደረገ ሒሳብ አምጡ ብሏል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ተቻኩሏል። ሽያጩን ስናይ ከአምናው ብዙም አልተለወጠም። ወጪው እንዲያውም ጨምሯል። ትርፉ የመጣው "ሌላ ገቢ" ከሚለው መስመር ነው፤ እሱም አንድ መጋዘን ተሽጦ የተገኘ ነው።

የቋሚ ንብረት ፋይሉን የያዘው ልጁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። አንዱ የሽያጩ ውል ነው። ሌላው ድርጅቱ ለእኛ የጻፈው ተራ ደብዳቤ። ጎን ለጎን አድርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣቸው።

"ጋሼ፣ ከታች በኩል ይዩልኝ እስቲ" አለኝ።

የገዢው ስም ሌላ ነው። አርማው ሌላ ነው። ማኅተሙም ሌላ ነው። ከግርጌ ያለው የፖስታ ሣጥን ቁጥርና ስልኩ ግን የሻጩ ራሱ ነው።

የገዢውን መመሥረቻ ጽሑፍ ጠየቅን። ነገ ተባለ። ከነገ ወዲያ ተባለ። ፋይሉን የያዘችው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት ተባለ። በመጨረሻ ሲመጣ ባለአክሲዮኖቹ ሁለት ናቸው፦ የአስመጪው ባለቤትና የትዳር አጋራቸው። ክፍያውንም ፈለግን። ባንክ ስቴትመንቱ ላይ ከሽያጩ የገባች አንዲት ብር የለችም። ሙሉ ዋጋው "ተሰብሳቢ" ተብሎ ተቀምጧል።

ቃሊቲ ወርደን መጋዘኑን አየነው። ቆርቆሮውና የአርማታ ብረቱ እንደተከመረ ነው። በሩ ላይ የተጻፈው የአስመጪው ስም ነው። ጥበቃውን፣ አንድ ረጋ ያሉ አባት ናቸው፣ መጋዘኑ መሸጡን ሰምተው እንደሆን ጠየቅናቸው። "ኧረ እኔ አልሰማሁም" አሉ። ደመወዛቸውን ማን እንደሚከፍላቸው ስንጠይቃቸው "ያው እነሱው ናቸው፤ ማን ሊከፍለኝ ነው ታዲያ?" አሉን። ልጁ ይህን በማስታወሻው ላይ እንዳለ ጻፈው።

ከዚያ የፋይናንስ ኃላፊው ጋ ገባን። በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው። የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊም ናቸው፤ ግሌዘሮች ክለቡን እ.ኤ.አ. በ2005 በብድር ገዝተው ዕዳውን በራሱ በክለቡ ላይ መጫናቸው ሁልጊዜ ያንገበግባቸዋል። ጉዳዩን ስናነሳ ግን አልደነገጡም።

"ልጆቼ፣ ምኑ ነው ያስጨነቃችሁ? ድርጅቱ ንብረቱን ሸጠ፣ በቃ። ቼልሲ ሆቴሉን ለራሱ ሸጦ የለም እንዴ? እነ ፕሪሚየር ሊግ የተቀበሉትን እናንተ ልትጥሉት ነው?"

ልጁን አየሁት። ምሳ ላይ የሚለውን ቃል በቃል ነው የሰማው። ትንሽ ዝም አለና "ዩኤፋ ግን አልተቀበለውም" አላቸው።

እውነቱን ነው፤ ዜናው ያኔ ትኩስ ነበር። የአውሮፓን እግር ኳስ የሚመራው ዩኤፋ በራሱ ደንብ እንዲህ ዓይነቱን የእህት ኩባንያ ሽያጭ እንደ ገቢ አይቆጥርም። ሆቴሎቹና የሴቶቹ ቡድን ሲወጡ የቼልሲ ሒሳብ ከጣሪያው በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 መግቢያ ላይ 31 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ፤ ወደፊት ካልተስተካከለ ደግሞ ቅጣቱ ይጨምራል። ያው ክለብ፣ ያው ሽያጭ፣ ሁለት ዳኛ። እኔ በበኩሌ ከዩኤፋ ጋር ነኝ። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በ2024 ቀዳዳውን እንዝጋ ተብሎ ድምፅ ሲሰጡ ከ20ው የሚያስፈልገው የ14 ክለብ ድጋፍ አልተገኘም። ነገ እኔም ይጠቅመኝ ይሆናል ብሎ ክፍት የተተወ በር ሕግ ሊባል አይገባውም።

ለኃላፊው ግን የነገርኳቸው የደርቢ ካውንቲን ታሪክ ነው። በኋላ ደርቢን ያሠለጠነውን የዩናይትድ ኮከብ ሩኒን ስለሚወዱ ይሰሙኛል ብዬ ነው።

ደርቢ እ.ኤ.አ. በ1884 የተመሠረተ፣ ሁለት ጊዜ የእንግሊዝ ሻምፒዮን የሆነ አንጋፋ ክለብ ነው። ባለቤቱ ሜል ሞሪስ ቡድኑን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለማውጣት ገንዘብ አፈሰሱ። ኪሳራው በዛ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፕራይድ ፓርክ ስታዲየምን ክለቡ ለሞሪስ ሌላ ኩባንያ ወደ 80 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠና መልሶ ተከራየው። ከሽያጩ ወደ 40 ሚሊዮን ገደማ ትርፍ ተመዘገበ። ኪሳራ የነበረው ዓመት 14.6 ሚሊዮን ፓውንድ ትርፍ ሆኖ ወጣ።

በስታዲየሙ ዋጋ ላይ የቀረበው ክስ ውድቅ ተደርጓል፤ ይህን መደበቅ ልክ አይሆንም። ክለቡ የተያዘው በሌላ በኩል ነው። አንድ ተጫዋች በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ለአምስት ዓመት ከተገዛ፣ በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ወጪ ይያዛል። ሌሎቹ ክለቦች የሚሠሩት እንዲያ ነው። ደርቢ ግን ተጫዋቹ ወደፊት ይሸጥበታል ብሎ የገመተውን ዋጋ እያስቀረ፣ ወጪውን ወደ ውሉ መጨረሻ ይገፋው ነበር። ኦዲተር ነኝና እዚህ ጋ ደሜ ይፈላል። ውሉ ሲያልቅ ያ ተጫዋች በነጻ ነው የሚሄደው፤ የቦስማን ፍርድ ከወጣበት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን የማያውቅ የለም። ሒሳቡ እንደገና ሲሠራ ክለቡ ጣሪያውን አልፎ ተገኘ።

በመስከረም 2021 ደርቢ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። 12 ነጥብ ሄደ። ለሒሳቡ ጥፋት ደግሞ 9 ተጨመረ። አሰልጣኙ ዌይን ሩኒ ክለቡ በአስተዳዳሪዎች እጅ ሊገባ መሆኑን የሰማው ከቴሌቪዥን ዜና ነው። ቢሮ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ከሥራ ተሰናበቱ። ቡድኑ ታግሎ ታግሎ ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። ክለቡን ልግዛ የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ስታዲየሙ የክለቡ አይደለም። በመጨረሻ የከተማው ልጅና ደጋፊ የሆነ ባለሀብት፣ ዴቪድ ክላውስ፣ ስታዲየሙንም ክለቡንም ለየብቻ ገዝቶ አዳነው።

ሰው ብዙ የማያነሳው ሚድልስብራን ነው። በ2018/19 ደርቢ በ74 ነጥብ ስድስተኛ ሆኖ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለማለፍ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ ውስጥ ገባ። ሚድልስብራ በ73 ሰባተኛ ሆኖ ቀረ። አንድ ነጥብ! ደንቡን አክብሮ፣ አቅሙን አውቆ የተጫወተው ክለብ ነው ውጪ የቀረው። ካሳ ጠይቆ ተከራክሯል። ደርቢም ቢሆን ፍጻሜው ላይ በአስቶን ቪላ ተሸነፈ፤ ቪላ ደግሞ በዚያው ዓመት ቪላ ፓርክን ለባለቤቶቹ ኩባንያ ሸጧል። እንግዲህ ፍትሕ የት ነው ያለው?

"እና እኛ ማንን ነው ሚድልስብራ ያደረግነው?" አሉኝ ኃላፊው።

ባንኩ ያን ዓመት የሚያበድረው ገንዘብ የተወሰነ ነው። በር ላይ የሚጠብቅ ሌላ አስመጪ አለ። ኪሳራውን ሳይደብቅ፣ ሒሳቡን እንዳለ ይዞ የቀረበ። እናንተ በመጋዘኑ ትርፍ ብድሩን ብትወስዱ እሱ ይቀራል አልኳቸው። ብድሩ ሳይመለስ ቢቀርስ? ገንዘቡ የአስቀማጮች ነው። ሠራተኞቻችሁም አሉ፤ ድርጅቱ ቢወድቅ መጋዘኑ በሌላ ስም ስለሆነ ለውዝፍ ደመወዛቸው የሚይዙት ነገር የለም። ጥበቃው አባት ትዝ አሉኝ፤ ስማቸውን ግን አላነሳሁም፤ ተናገርክ ብለው እንዳይቆጧቸው።

ባለቤቱ በማግስቱ ራሳቸው መጡ። ተቆጥተዋል። "ንብረቱ የኔ፣ ኩባንያው የኔ፣ ገዢውም እኔ! ማንን ላስፈቅድ ነው?" አሉ። በትሕትና መለስኩላቸው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲያቋቁሙ ሕጉ ዕዳውን ከቤታቸውና ከመኪናቸው ለይቶላቸዋል። ዕዳ ሲመጣ "እኔ ሌላ ኩባንያው ሌላ" የሚል ሰው፣ ትርፍ ሲመጣ "ሁሉም እኔ ነኝ" ሊል አይችልም። ይህ ለአዲስ አበባ አስመጪም፣ ለለንደን ክለብ ባለቤትም እኩል ነው።

ሥራው ያለቀው ግን በክርክር አይደለም። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ አልጸደቀም። የካርታው ስም አልተዛወረም። ገንዘብ አልገባም። መጋዘኑን የሚጠቀምበት ሻጩ ነው። እነዚህ ባሉበት ሰኔ 30 ላይ ሽያጭ ተፈጽሟል ማለት አይቻልም። ትርፉ ከሒሳቡ ወጣ፣ ዓመቱም ወደ ኪሳራው ተመለሰ። በባለቤቱ ኩባንያዎች መካከል ያለው ግንኙነትም በሒሳቡ ማብራሪያ ላይ በግልጽ ተጻፈ። ካልተስማሙ ተቃውሞ ያለበት አስተያየት እንደምንሰጥ ስላወቁ ፈረሙ። ባንኩም የጠየቁትን ያህል አልሰጣቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ኦዲተር ቀጠሩ። ደንበኛ ማጣት ያማል፤ ቢሆንም አለቆቻችን አንድም ቀን አልወቀሱንም፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ክፍል ዓመት ሊዘጋ ሲል የተሸጠ ንብረት ካለ፣ ዋጋውን ከማየታችን በፊት የገዢውን ባለአክሲዮኖች እንጠይቃለን። ገንዘቡ ባንክ መግባቱን እናያለን። ከዚያ ንብረቱ ያለበት ቦታ ሄደን እዚያ የሚሠራውን ሰው እናናግራለን። ይህን ሦስተኛውን ያስጨመረው ልጁ ነው።

እሱ ዛሬም የቼልሲ ደጋፊ ነው። ክርክሩም አላለቀም። በቀደም ዕለት የሴቶቹን ቡድን አነሳብኝ። አሌክሲስ ኦሃኒያን የተባለው አሜሪካዊ ባለሀብት ወደ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ትንሽ ድርሻ ገዝቷል። በዚያ ስሌት ቡድኑ በእርግጥ 200 ሚሊዮን ያወጣል። "እና ዋጋው ውሸት አልነበረም ማለት ነው፤ ጋሼ፣ ይሄንንስ ምን ይሉታል?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። የውጭ ሰው ከኪሱ አውጥቶ የከፈለው ገንዘብ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ለቃሊቲው መጋዘን እንዲህ ያለ ገዢ አልመጣም። ዋጋው ልክ ነው ብዬ እቀበላለሁ አልኩት። ግን ሆቴሎቹ አንዴ ተሸጠዋል። የሴቶቹም ቡድን አንዴ ተሸጧል። የተጫዋቾቹ ውል ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል፤ እነ ኤንዞ ፈርናንዴዝ የፈረሙት ለስምንት ዓመት ተኩል ነው። የሚቀጥሉት ዓመታት ወጪ ከምን ይሸፈናል? ልጁ ሪፖርቱን አምጥቶ ሊያሳየኝ ቃል ገብቷል።