አንድ ለእናቷ፦ «አይኖ» የሚለውን ስም ፍለጋ

ሄልሲንኪ በገባሁ ማግስት በአቴኔዩም የሥዕል ሙዚየም፣ አክሴሊ ጋለን ካሌላ እ.ኤ.አ. በ1891 ከሣለው ባለ ሦስት ክፍል ሥዕል ፊት ረጅም ሰዓት ቆምኩ። በግራ በኩል ቫይናሞይነን የተባሉት ጢማም ሽማግሌ በጫካ ያገኟትን ልጃገረድ ለትዳር ይጠይቃሉ፤ በቀኝ በኩል ልጅቱ ልብሷን አውልቃ ከውኃው ዳር ትታያለች፤ በመካከሉ ደግሞ ዓሣ ሆና ከተያዘች በኋላ ከጀልባቸው ታመልጣለች። ስሟ አይኖ ነው። ለአማርኛ ጆሮ ቃሉ «ዓይን»ን ስለሚያስታውስ ትርጉሙንም በዚያው ገምቼ ነበር፤ ግምቴ ግን ትክክል አልነበረም።

በፊንላንድኛ «አይኖዋ»፣ በኢስቶኒያኛም «አይኑስ» ማለት «ብቸኛ» ማለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣው ከዚሁ ሥር ነው። በፊንላንድና በሩሲያ ድንበር አካባቢ ባለችው በካሬሊያ ገጠሮች ይዜሙ በነበሩት ጥንታዊ ግጥሞች ውስጥ ልጅቱ አብዛኛውን ጊዜ አኒ ትባል ነበር፤ «አይኖ» ግን እኛ «አንድ ለእናቷ» እንደምንለው ያለ ማቆላመጫ ቅጽል ነበር። ግጥሞቹን እየዞረ የሰበሰበው ሐኪሙ ኤሊያስ ሎንሮት የፊንላንድን ብሔራዊ ኤፒክ (ረጅም የጀግኖች ትረካ ግጥም) «ካሌቫላ»ን ሲያዘጋጅ ቅጽሉን የተጸውዖ ስም አደረገው።

በ1849ኙ እትም፣ ወንድሟ ሕይወቱን ለማትረፍ ሲል ለሽማግሌው ቃል ገብቶባት፣ እናቷም በጋብቻው ተደስታ፣ አይኖ ግን ሽማግሌ አላገባም ብላ እያለቀሰች ሄዳ በውኃ ሰጠመች። እናትየው እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን ያለ ፈቃዳቸው እንዳይድሩ እየለመነች ታለቅሳለች፤ ከእንባዋም ሦስት ወንዞች ይፈልቃሉ። ፍጻሜው እንዲህ መሪር የሆነ ስም ለሴት ልጅ መውጣቱ መጀመሪያ አስደንግጦኝ ነበር። ይሁን እንጂ ወላጆች ከሞቷ ይልቅ እምቢታዋንና የእናቷን ፍቅር የሰሙ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ቀን በባቡር ወደ ያርቬንፓ ሄድኩ። ሙዚቀኛው ዣን ሲቤሊየስ ከ1904 ጀምሮ የኖረበትን የእንጨት ቤት በሚስቱ ስም «አይኖላ» ብሎታል፤ «ላ» የሚለው ቅጥያ ስፍራን ስለሚያመለክት «የአይኖ ቤት» እንደ ማለት ነው። በ1871 የተወለደችው ሚስቱ አይኖ ያርኔፌልት ብዙ ወንድሞችና እኅቶች ስለነበሯት በቁጥር ብቸኛ አልነበረችም፤ ስሙ በሕይወት ባሉ ሴቶች ላይ ሲያርፍ «ምትክ የሌላት» ወደሚለው ትርጉም እንዳዘነበለ የተረዳሁት እዚያ ነው። የቧንቧ ድምፅ የባሏን ሥራ እንዳያውክ ውኃ ወደ ቤቱ በሰው እጅ ይገባ በነበረበት ዘመን ልጆቿን ያሳደገችው፣ የጓሮውን አትክልትም የተንከባከበችው እርሷ ነበረች።

ስሙ ከፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ማዶ በኢስቶኒያም ይታወቃል፤ ፊንላንዳዊቷ ደራሲ አይኖ ካላስ ኢስቶኒያዊ አግብታ የኢስቶኒያን ሕይወት በፊንላንድኛ ጽፋለች።

ሲቤሊየስ በ1957 ዐርፎ በአትክልቱ ስፍራ ተቀበረ። አይኖ ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ኖራ በ97 ዓመቷ ስታርፍ እዚያው፣ በስሟ በተጠራው ግቢ፣ ከጎኑ ዐረፈች።