«ውሃ ውስጥ ይቀልልዎታል»

የምሠራው እስራኤል ውስጥ፣ ኤላት፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ አንድ የዳይቪንግ (አየር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ) ማዕከል ውስጥ ነው። ይሄ ነገር ሲፈጠር አስተማሪ ከሆንኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር።

ወሩ ጥር ነው። በጥር የኤላት ባሕር 21 ወይም 22 ዲግሪ ይሆናል፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ ወፍራሙን የጎማ ልብስ ይለብሳል። ወፍራም ልብስ ደግሞ ያንሳፍፋል። በዚያ ላይ የቀይ ባሕር ጨው ከብዙ ባሕር ይበልጣል፣ በሊትር ወደ 40 ግራም ነው፤ እሱም ያንሳፍፋል። ለመጥለቅ ብዙ የእርሳስ ክብደት ወገብ ላይ መታሰር አለበት። በብርዱ ወራት ደንበኞቻችን ብዙ ተሸክመው ነው ወደ ውሃው የሚወርዱት።

ያን ቀን ጠዋት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ገና ከበሩ ሲገቡ በአማርኛ «እንደምን አደራችሁ» ሲሉ ልቤ ሞቅ አለ። የእኛ ሰው እኛ ጋ ብዙ አይመጣም። እናትየው የመጥለቅ ፈቃዳቸውን ያወጡት ከዓመታት በፊት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ውሃ ውስጥ አልገቡም። በእስራኤል ሕግ ደግሞ ከስድስት ወር በላይ ሳይጠልቅ የቆየ ሰው ፈቃድ ቢኖረውም መጀመሪያ ከአስተማሪ ጋር ገብቶ መለማመድ አለበት። አለቃዬ «አንተ ይዘሃቸው ግባ» አለኝ። ደስ አለኝ።

ዕቃ የሚያዘጋጀው ልጅ ቀርቶ ስለነበር የአየር ሲሊንደራቸውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። ጠላቂ እንደ ሰደርያ የሚለብሰው ጃኬት አለ፣ አየር ይሞላል፣ ይተነፍሳል። ሲሊንደሩ ከጃኬቱ ጀርባ ላይ በሰፊ የናይለን ማሰሪያ ይታሰርና በዘለበት ይጠብቃል። የሳቸው ማሰሪያ ከትናንት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ ክው ብሎ ደርቋል። ደረቁን ጎትቼ ዘለበቱን ዘጋሁት። ነቅነቅ ሳደርገው ንቅንቅ አላለም። ስምንት ሰው እየጠበቀኝ ስለነበር ወደሚቀጥለው ሄድኩ።

እትዬ አጠር ያሉ ናቸው። ሲሊንደሩ 66 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ታችኛው ጫፍ መቀመጫቸውን እንዳይመታቸው ብዬ ከፍ አድርጌ ነበር ያሰርኩት። ጃኬቱን ሲለብሱት አንገታቸው ወደ ፊት ደፋ አለ። «ልጄ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ያዘኝ መሰለኝ» አሉኝ፣ ማጅራታቸውን በእጃቸው እያሳዩ። እኔም ሁላችንም በቀን አሥር ጊዜ የምንላትን አልኳቸው።

«አይዞዎት እትዬ፣ ውሃ ውስጥ ይቀልልዎታል።»

ዝም አሉ። ሰው ላለማስቸገር ነው። ያንን ይሉኝታ አውቀዋለሁ፣ እናቴም እንደዚያው ናት። እያወቅኩ አለፍኩት።

ክብደቱ ውሃ ውስጥ መቅለሉ እውነት ነው። የእኛ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ሙሉውን መሬት ላይ ወደ 17 ኪሎ ይመዝናል፣ ውሃ ውስጥ ግን አንድ ኪሎ አይሞላም። ቦታው ግን አይቀየርም። መሬት ላይ ማጅራት የሚነካ ብረት ውሃ ውስጥ ጭራሽ ይብሳል፣ ምክንያቱም እዚያ ሰው ቆሞ አይሄድም፣ በሆዱ ተዘርግቶ ነው የሚሄደው፤ ፊት ለፊቱን ለማየት ደግሞ ቀና ማለት አለበት፣ ቀና ባለ ቁጥር ጭንቅላቱ ከቫልቩ፣ ማለትም ከሲሊንደሩ መክፈቻ፣ እና አየሩን በቱቦ ወደ አፍ ከሚያደርሰው ከሬጉላተሩ ብረት ጋር ይጋጫል።

ሦስት ሜትር ላይ ልምምዱን ጥሩ አድርገው ሠሩ። መነጽራቸውን ውሃ አስገብተው አወጡ፣ ሬጉላተሩን ከአፋቸው አውጥተው መለሱ። ከዚያ ወደ ኮራሉ፣ ወደ ሰባት ሜትር ወረድን። ችግሩ እዚያ ጀመረ። ቀና ይላሉ፣ ይጋጫሉ፣ አንገታቸውን ይደፋሉ። ወዴት እንደሚሄዱ አይታያቸውም። ለማየት ሲሉ ወገባቸውን ያቃናሉ፣ ወገባቸው ሲቃና እግራቸው ይወርዳል፣ እግራቸው ሲወርድ አሸዋውን ያቦናል። ስምንት ኪሎ እርሳስ ሙሉ በሙሉ ወገባቸው ላይ ነው፤ እሱም ቁልቁል ይጎትታቸዋል። ትንፋሻቸው ፈጠነ። 17 ደቂቃ ላይ የአየር መለኪያቸውን ሳይ የሲሊንደሩ ግፊት ከ200 ባር ወደ 120 ወርዷል። በዚያ ጥልቀት ይሄ በጣም ብዙ ነው።

ያኔ መመለስ ነበረብኝ። ትንሽ ይለምዱታል ብዬ ቀጠልኩ።

አንድ ድንጋይ ለማለፍ እግራቸውን ጠንከር አድርገው ሲመቱ ሲሊንደሩ ከማሰሪያው ውስጥ ሸርተት ሲል በዓይኔ አየሁት። ናይለን ሲረጥብ ይላላል። ደረቁን ያጠበቅኩት ማሰሪያ ሃያ ደቂቃ ውሃ ጠጥቶ ለቀቀ። ሲሊንደሩ ስንዝር ያህል ቁልቁል ወረደ፣ የሬጉላተሩን ቱቦ ይዞ ወረደ፣ ቱቦው ደግሞ አፋቸው ውስጥ ያለውን ሳበው። በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙት። መነጽሩ ውስጥ ዓይናቸው አፍጦ ያየኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በአንድ እጄ የጃኬታቸውን ማንገቻ ያዝኩ፣ በሌላው ሬጉላተሩን አፋቸው ላይ ደግፌ ዓይን ለዓይን ተያየን። ቀስ ብለው እንዲተነፍሱ አሳየኋቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንፋሽ። አሸዋው ላይ አንበረከክኳቸው። ከኋላ ዞሬ ሲሊንደሩን በጉልበቶቼ መሀል ያዝኩት፣ ዘለበቱን ከፈትኩ፣ ወደ ላይ ገፋሁት፣ እርጥቡን ማሰሪያ ባለኝ ጉልበት ጎትቼ ዘጋሁት። አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ላይ ይፈተለክ ነበር፣ ትንፋሹን ይዞ ከወጣ ደግሞ ሳንባው ይጎዳል። እኚህ ሴት ግን ተንበርክከው ጠበቁኝ። ከዚያ ቀስ ብለን ወጣን።

ልጅቷ ስትሰማ ተቆጣች፣ ልክ ነበረች። እናትየው ግን ሻይ ይዘው ቁጭ አሉና «ልጅ አዝለህ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ።

«እኔ አምስት አዝያለሁ። አንቀልባ ላይ ልጁ ከፍ ካለ ማጅራትህን ይመታሃል፣ ዝቅ ካለ ወገብህን ይቆርጥሃል። እናት አንዴ አስራ አትሄድም። ጎንበስ ትላለች፣ እሽሩሩ እያለች ነቅነቅ ታደርገዋለች፣ ቦታውን እስኪያገኝ ድረስ ታላላለች፣ ታጠብቃለች። አንተ አንዴ አሰርከኝና ሄድክ።»

አለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማሰሪያውን ነክረኸው ነበር?» በኮርሱ የመጀመሪያ ሳምንት የተማርኩት ነገር ነው። ከማጥበቅህ በፊት ማሰሪያውን ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ ውሃውን እስኪጠጣ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ታጠብቀዋለህ። ከዚያም ጃኬቱን በመያዣው አንጠልጥለህ ትንጠዋለህ፤ ሲሊንደሩ ከተንሸራተተ እንደገና ታስራለህ። ሁሉንም አውቀዋለሁ። ያን ቀን ጠዋት አላደረግኩትም።

በማግስቱ በነፃ እንድንገባ ለመንኳቸው፣ እሺ አሉኝ። ሌላ ደንበኛ አልያዝኩም። ማሰሪያውን ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ሲሊንደሩን ከትናንቱ አራት ጣት ዝቅ አድርጌ አሰርኩ፣ ቫልቩ ከማጅራታቸው ግርጌ ትይዩ እንዲሆን። ከዚያ ማንገቻዎቹን ሁሉ አላልቼ አለበስኳቸው። ጎንበስ እንዲሉ አደረግኩ፣ ጭነቱ ጀርባቸው ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የወገቡን ዘጋሁ። የትከሻው ቀጥሎ ነው፣ ሁለት ጣት በሥሩ እስኪገባ ብቻ። ብዙ ሰው ትከሻውን አስቀድሞ ያጠብቅና ሸክሙ በሙሉ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። የደረቱን የዘጋሁት በረጅሙ ወደ ውስጥ ተንፍሰው ደረታቸው ሲሞላ ነው፣ አለበለዚያ ውሃ ውስጥ ትንፋሽ ያሳጥራል።

«ቀና ይበሉ» አልኳቸው። ቀና አሉ። ትንሽ ነካቸው። አወለቅን፣ አንድ ጣት ዝቅ አደረግኩ፣ እንደገና ለበሱ። አልነካቸውም። «አሁን እጅዎን ወደ ኋላ ልከው ቫልቩን ይንኩት።» በጣታቸው ጫፍ ደረሱበት። ከዚህም በላይ ዝቅ ቢል አይደርሱበትም ነበር፣ ቫልቩ ላይ በራስ እጅ መድረስ ደግሞ ለክፉ ቀን ነው።

ከስምንቱ ኪሎ እርሳስ ሁለቱን ከወገባቸው አንስቼ የሲሊንደሩ ማሰሪያ ላይ፣ ትከሻቸው አካባቢ አደረግኩት። ክብደት ወደ ራስ ሲቀርብ እግር ይነሳል። አምስት ሜትር ላይ ደግሞ ቆም ብለን የወገባቸውን ቀበቶ እንደገና አጠበቅኩ፤ የጎማ ልብስ በውሃው ግፊት ስለሚሳሳ መሬት ላይ የጠበቀ ቀበቶ እዚያ ይላላል።

እንደ ጠፍጣፋ እንጨት ተዘርግተው ሄዱ። አንድ አንበሳ ዓሣ ከድንጋይ ሥር ክንፉን ዘርግቶ ቆሞ ነበር፤ ቀና ብለው፣ አንገታቸውን ሳይደፉ፣ ረጅም ጊዜ አዩት። 17ኛው ደቂቃ ላይ መለኪያቸውን አየሁ። 145 ባር።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛን «ተመቸዎት?» ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። የእኛ ሰው «ተመቸህ?» ሲባል መልሱ «ተመስገን» ነው፣ ትከሻው እየተቆረጠም ቢሆን። አሁን የምጠይቀው «የት ጋ ነው የያዘዎት?» ብዬ ነው። እንዲህ ሲጠየቅ ሰው እጁን ልኮ ቦታውን ያሳያል። ይሄ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች እባካችሁ ሞክሩት። «ይቀልልዎታል» ከማለታችን በፊት ደንበኛው ያሳየንን ቦታ በእጃችን እንንካው። ክብደት ነው ወይስ ቦታ ነው? ቦታ ከሆነ ባሕሩ አያስተካክለውም።

እትዬ በፋሲካ ተመልሰው መጡ፣ በዚህ ጊዜ ብቻቸውን። እኔ ሌላ ሰው ጨርሼ ስመጣ ባልዲው አጠገብ ቁጭ ብለው የጃኬታቸውን ማሰሪያ ውሃ ውስጥ ነክረው ይጠብቁኛል። አሰርኩላቸው። ለበሱ፣ ጎንበስ አሉ፣ እንደ ልጅ አዛይ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አደረጉት። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ቀና አሉና፦

«ግማሽ ጣት ዝቅ አድርገው» አሉኝ።