ማድ ቤት ቆሜ የተሳፈርኩበት ባቡር

አክስቴ ከድሬዳዋ ልትጠይቀኝ ፍራንክፈርት መጣች። በመጣች በሦስተኛው ቀን "ተራራ አሳየኝ" አለች። ተራራ ከሆነ አልፕስ ነው። አልፕስ ከሆነ ደግሞ በባቡር ነው። ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ጣሊያን፣ ከዚያ ቤት።

እኔ ቅናሽ የሚባል ነገር ካየሁ እንቅልፍ የለኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የባቡር ፓስ፣ ማለትም አንዴ ተከፍሎበት ብዙ ባቡር የሚያሳፍር ትኬት፣ ሳወዳድር ከረምኩ። ኤክሴል ሁሉ ሠራሁ። መጀመሪያ ልቤ የስዊዝ ትራቭል ፓስ ላይ አርፎ ነበር። ባቡሩ፣ አውቶቡሱ፣ የሐይቁ ጀልባ፣ ከ500 በላይ ሙዚየም፣ ሁሉም አለበት። ግን የስዊዘርላንድ ነው። የኦስትሪያው ኢንስብሩክና የጣሊያኑ ሚላን ከኪስ ሊሆኑ ነው። ተውኩትና 33 አገር ወደሚያስኬደው ዞርኩ።

እሱም ሁለት ስም አለው። አውሮፓ የሚኖር ኢንተርሬይል ይገዛል፣ ከአውሮፓ ውጭ የሚኖር ዩሬይል። የሚታየው የምትኖርበት አገር እንጂ የፓስፖርትህ ቀለም አይደለም። ስለዚህ የእኔ ኢንተርሬይል፣ የአክስቴ ዩሬይል ሆነ። ለሁለታችንም በ1 ወር ውስጥ 4 የጉዞ ቀን፣ ቀኖቹን የምንመርጠው እኛ። አክስቴ 60 ስላለፋት 10 በመቶ ተቀነሰላት። "እዚህ አገር ማርጀትም ያዋጣል" አለች።

አንድ ነገር ግን አለ። ኢንተርሬይል የያዘ ሰው በሚኖርበት አገር እንደ ልቡ አይመላለስም። አንዴ መውጫ፣ አንዴ መመለሻ፣ በቃ። አክስቴ ጀርመንን እንዳሻት ትዞርበታለች። ግብር የምከፍለው እኔ አልችልም። ይቺን ያዙልኝ።

የመሄጃችን ዋዜማ ማታ ማድ ቤት ነን። አክስቴ ቡና ታፈላለች።

"ትኬቱ የታለ?"

"ስልክ ውስጥ ነው።"

"አቦ አሳየኝ!"

"ባቡሩን መርጠሽ ስትነኪው ነው የሚመጣው።"

"እኮ ንካው!"

(አክስቴን "አንቺ" ማለቴ እንዳይገርማችሁ። ድሬ ላይ "እርስዎ" የሚባል ነገር አይሠራም።) ደግሞ ድሬ ላደገ ሰው ስለ ባቡር አይነገረውም። ከተማዋን የቆረቆራት ባቡር ነው። ለአክስቴ ትኬት ማለት በእጅ የሚያዝ፣ ተቆጣጣሪው የሚበሳው ነገር ነው። ስልክ ትኬት እንደሚሆን ላሳምናት ፈለግኩ። ከምሽቱ 3:50 ወደ ጎረቤት ከተማ ማይንዝ የሚሄድ ባቡር መረጥኩ። ስልኩ በጀርመንኛ ረዘም ያለ ነገር ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። እሺ። ኪውአር ኮዱ ብቅ አለ።

"አየሽ?" አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

መነፅሯን አድርጋ ቀረብ አለች። "ይሄ ሳሙና ካርቶን ላይ ያለው አይደል?"

ያኔ ነው ከሥሩ ያለውን ያነበብኩት። ቀሪ የጉዞ ቀን፦ 3።

የጉዞ ቀን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። መሰረዝ የሚቻለው እስከ ዋዜማው ብቻ ነው፣ ቀኑ ከገባ ወዲያ የለም። የእኔ ቀን ገብቶ ሊወጣ ሁለት ሰዓት ብቻ ቀርቶታል። ከጀርመን መውጫዬም አብሮ ተበልቷል። እንደ ስልኩ ከሆነ አገር ለቅቄ ጉዞ ጀምሬያለሁ። እኔ ግን በነጠላ ጫማ ማድ ቤት ቆሜያለሁ። ጀበናው እንኳን ገና አልፈላም።

"ምን ሆንክ?" አለችኝ።

"ማይንዝ ሄድኩ።"

ጠዋት ከ100 ዩሮ በላይ ከፍዬ እስከ ኢንስብሩክ ትኬት ገዛሁ። አክስቴ ካልታተመ አልሄድም ስላለች አሳተምኩት። ሙኒክን እንዳለፍን ተቆጣጣሪዋ መጣች። አክስቴ ስልኳን ዘረጋች፣ እኔ ወረቀት። ተቆጣጣሪዋ ስትሄድ አክስቴ ወረቀቴን በጣቷ ነካ አድርጋ "ያንተው ይሻላል" አለችኝ። ኤክሴሉን አስታወስኩ።

ከስዊዘርላንዷ ኩር ወደ ጣሊያኗ ቲራኖ ስንሄድ ግን ሁሉንም ረሳሁት። በርኒና ኤክስፕረስ የሚባለው ባለ ትልልቅ መስኮቱ ባቡር፣ ፓስ ቢኖርህም ለመቀመጫ ለብቻ ያስከፍላል። በዚያው ሐዲድ የሚሄደው ተራው ቀይ ባቡር አያስከፍልም። ተራውን ያዝን። 2253 ሜትር ላይ ወጣን። ዋሻ ሲመጣ አክስቴ ዝም፣ ድልድይ ሲመጣ "ወይኔ!" በመንገዱ 196 ድልድይ አለ፣ አስቡት። ብሩዚዮ የሚባል ቦታ ላይ ባቡሩ ክብ ድልድይ ላይ ዞሮ በራሱ ሥር ያልፋል። አክስቴ በመስኮቱ የኋላውን ፉርጎ ስታየው ብድግ አለች። "ጅራቱን እያባረረ ነው!" ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ አማርኛ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

ማታ ሚላን ሆቴል ሆና ድሬ ደወለች። ስለ ተራራው፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ድልድዩ የምታወራ መስሎኝ ነበር። "ልጁ ማድ ቤት ቆሞ ባቡር ይሳፈራል" ስትል ሰማኋት። ከወዲያ በኩል ሳቁ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ሚላን ጣቢያ፣ የመመለሻውን ባቡር ልመርጥ ስልኬን አወጣሁ። አክስቴ ቀምታኝ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"መጥቷል?"

"አሥር ደቂቃ ይቀረዋል።"

"እንግዲያው ምን አስቸኮለህ?"

ባቡሩ ገባ። ቆመ። አክስቴ ሄዳ ቆርቆሮውን በመዳፏ ቸብ ቸብ አደረገችው። ከዚያ ስልኬን አወጣችልኝ።

"በል አሁን ንካው።"