የመዝናኛ የአፈር ግድብ፦ ውሃው መውጫ አይጣ

ትንሽ የአፈር ግድብ ያለው ሰው ሐይቁን ሲያሳምር ግድቡን ይጎዳል። ዓሣ እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው (ትርፍ ውሃ የሚያልፍበት መውጫ) ላይ ወንፊት ይወጥራል፣ ውሃው ለዋና ከፍ እንዲል ሳንቃ ያቆማል፣ ለጥላ ብሎ ግድቡ ላይ ዛፍ ይተክላል።

ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ የአንድ የዓሣ ማጥመድና የአደን ክበብ የግል ንብረት ነበር። አናቱ ለሠረገላ መንገድ ሲባል ዝቅ ተደርጓል፣ ማስተንፈሻው ላይ የዓሣ ወንፊት ተገጥሟል፣ ከሥር ውሃ የሚለቁት ቱቦዎች ቀድሞ ተነቅለው በምትካቸው ምንም አልገባም። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1889 ከከባድ ዝናብ በኋላ ውሃው በአናቱ ፈስሶ ግድቡን ጠረገው፤ በሸለቆው ውስጥና በጆንስታውን ከተማ 2,209 ሰው አለቀ።

ስለዚህ ከማስተንፈሻው እንጀምር። ቦታው ግድቡ ጫፍ ላይ፣ በተፈጥሮ መሬት ውስጥ ነው እንጂ በተሞላ አፈር ላይ አይደለም። ከማስተንፈሻው ወለል እስከ ግድቡ አናት ለትንሽ ግድብ 1 ሜትር ያህል ይተዋል፤ ስፋቱ ግን በግምት ሳይሆን ከላይ ካለው ተፋሰስ በሚመጣው ጎርፍ ተሰልቶ ይወሰናል። በዚህ 1 ሜትር ላይ 30 ሴንቲሜትር ሳንቃ ቢቆም የማሳለፍ አቅሙ የሚቀንሰው በ30 ሳይሆን በ40 በመቶ ገደማ ነው። ወንፊቱማ ይብሳል፤ ጎርፍ ቅጠልና ግንድ ይዞ ሲመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግድግዳ ይሆናል። ጥቂት ዓሣ ቢያመልጥ ይሻላል።

የግድቡ አናት ራሱ ይሰምጣል። አዲስ የተሞላ አፈር ሲረጋ ከቁመቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊወርድ ስለሚችል መካከሉ ከጫፎቹ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። መኪና ወይም ከብት የሚመላለስበት ቦታ ደግሞ ይጎደጉዳል፤ ውሃ በአናቱ ማለፍ የሚጀምረውም እዚያው ነው። በየ10 ሜትሩ ችካል ተክሎ በግንበኛ የጎማ ውሃ ልክ መለካት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ምንም የማያዣ የአፈር ግድብ የለም። ግርጌው ላይ ጥርት ያለ፣ መጠኑ የማይለዋወጥ ውሃ ቢወጣ የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚያስፈራው አፈር ይዞ የሚወጣው ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ቦይ እየቆፈረ ነው ማለት ነውና። ውሃውን በንጹሕ ብርጭቆ ሞልቶ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ታቹ ላይ ደለል ከዘቀጠ ሐይቁን መቀነስና መሐንዲስ መጥራት ያስፈልጋል። መጠኑን ለመከታተል 90 ዲግሪ በቪ ቅርጽ የተቆረጠ ላሜራ የወጣው ውሃ በሚፈስበት ቦይ ላይ ማቆም ይበቃል። የውሃው ከፍታ ከላሜራው ትንሽ ወደ ኋላ ተሁኖ ከቅርጹ ታች ጀምሮ ሲለካ 5 ሴንቲሜትር በሰከንድ 0.8 ሊትር ያህል ነው፤ 10 ሴንቲሜትር ግን 4.4 ሊትር ነው። በሐይቁ ከፍታና በዝናብ ሳይመካኝ የሚጨምር ከሆነ ነገር አለ።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው መፍትሔ የሚወጣበትን ቀዳዳ በሲሚንቶ መድፈን ነው። የባሰውም እሱ ነው፤ ውሃው ሌላ መውጫ ይፈልጋል፣ ግድቡ ውስጥ ያለው ግፊትም ይጨምራል። ትክክለኛው ውሃውን አሳልፎ አፈሩን ማስቀረት ነው፦ መጀመሪያ ንጹሕ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ።

ስርገት (በግድቡ አፈር ውስጥ ሰርጎ የሚያልፈው ውሃ) አብዝቶ የሚከተለው የመልቀቂያውን ቱቦ ነው፤ ከቱቦው ሆድ ሥር ያለውን አፈር በደንብ መጠቅጠቅ አስቸጋሪ ነውና። አዲስ ሲቀበር ወደ መውጫው ባለው ክፍል ዙሪያውን በአሸዋ ማጣሪያ መክበብ ይገባል። ቫልቩ በሐይቁ በኩል ይሁን። በመውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ቱቦው ግድቡ ውስጥ ሁልጊዜ ግፊት እንደተሸከመ ይኖራል፤ የዛገ ዕለት ውሃው በቀጥታ ወደ አፈሩ ነው። ቫልቩን በዓመት አንዴ ከዝናብ ወቅት በፊት ሙሉ በሙሉ ከፍቶ መዝጋት ያስፈልጋል፤ ካልተነካ ደለል ይቀብረዋል። ቱቦ ጨርሶ የሌለው ሰው በአናቱ ላይ በሚያልፍ ሳይፎን (አንዴ በውሃ ከተሞላ በራሱ እየሳበ በሚያፈስ ቱቦ) ውሃ መቀነስ ይችላል፤ ከሐይቁ ወለል እስከ ቱቦው ከፍተኛ ቦታ ከ6 ሜትር በላይ ሲሆን ግን ያስቸግራል።

በማንኛውም መንገድ ሲቀነስ በቀን ከ30 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ውሃው ቶሎ ሲሸሽ በውሃ የራሰው አፈር ከብዶ፣ ደጋፊም አጥቶ፣ በሐይቁ በኩል ያለው ፊት ይንሸራተታል።

ዛፍን በተመለከተ ግድቡ ላይም ሆነ ከግርጌው 5 ሜትር ውስጥ አንድም አይኑር። ነፋስ ሲነቅለው ከነአፈሩ ነው፤ ሲሞትም ሥሩ በስብሶ የውሃ መንገድ ይሆናል። ለጋ ከሆነ ቆርጦ ዳግም እንዳያቆጠቁጥ ማድረቅ ነው። ትልቅ ከሆነ ሐይቁ ተቀንሶ ጉቶውና ወፋፍራም ሥሮቹ ይወጣሉ፣ የጉድጓዱ ዳር በደረጃ ይቆረጣል፣ ከዚያ ከግድቡ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ አፈር በ15 ሴንቲሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላል። የአፈሩ እርጥበት ልክ የሚሆነው በእጅ ሲጨበጥ ሳይፈረካከስ የሚይዝ፣ መዳፍ ላይ ግን ጭቃ የማይተው ሲሆን ነው። በላዩ ሣር ይዘራበታል።