አዌቱ ዳር፦ ከዛፍ በፊት ሣር

ክረምቱ ወጣ። የጅማው ወንዛችን አዌቱም ጎደለ፤ አሁን ጫማ አውልቆ ዳሩ ድረስ መውረድ ይቻላል። የወንዙን ዳር ጎርፍ እንዳይበላው ሣር እየተከልን ነው፤ ከሰኔ በፊት ስለዚህ ሥራችን ስጽፍላችሁ «ጎርፉ ካለፈ በኋላ የቆመውንና የሄደውን እነግራችኋለሁ» ብዬ ነበር። በየከተማችሁ ወንዝ ዳር፣ ቦይ ዳር፣ የተሸረሸረ አፋፍ ላይ ተመሳሳይ ሥራ የጀመራችሁ ስላላችሁ በዝርዝር ላስቀምጠው።

ዋናው ዜና ይኸው፦ ሣሩ ይዟል። ጎርፉ የበላው ሣር ያልደረሰበትን ቦታ ነው። የተከልነው ሣር፣ ቬቲቨር የሚባለው፣ መስመሩ ሳይቋረጥ ባደገበት በኩል ግን ዳሩ አምና እንደነበረ አለ።

ይህን በዓይን ግምት አይደለም የምናገረው። ከዝናቡ በፊት፣ ሣር ባለበትም በሌለበትም በኩል፣ ከአፋፉ እኩል ርቀት ላይ አጫጭር የፌሮ ቁራጮች መሬት ውስጥ መትተን ነበር። ከእያንዳንዱ ፌሮ እስከ አፋፉ ያለውን በሜትር ለክተን ደብተር ላይ ጻፍን። ሰሞኑን ወርደን መልሰን ለካን። ሣር በሌለበት በኩል አፋፉ ከክንድ በላይ ተበልቶ ወደ ፌሮው ቀርቧል፤ አንዱን ፌሮ ጭራሽ ውሃ ውስጥ ወድቆ ነው ያገኘነው። ሣር ባለበት በኩል ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ወጪው ከግንባታ የተረፈ ብረትና የአንድ ከሰዓት ጉልበት ብቻ ነው። ከዚህ ጽሑፍ ሌላ ምንም ባትወስዱ ይህቺን ውሰዱ። ቀበሌም ሆነ ጎረቤት ሲጠይቃችሁ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።

ጅማን ለማታውቁ፦ አዌቱ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ከከተማው ሲወጣ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ያ ጉማሬ የሚታይበት ውሃ። ከቦዬ በኋላ ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል። ግልገል ጊቤ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የ184 ሜጋ ዋት ግድብ የሚሞላው ወንዝ ነው። ከዚያ ግድብ የሚወጣው ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አልፎ ግልገል ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል፤ ከዚያ ኦሞ፣ ከኦሞ ቱርካና ሐይቅ። እኛ ሰፈር ዳር ተንዶ የሚሄደው ቀይ አፈር የሚወርደው በዚሁ መንገድ ነው። «አንድ ሰፈር ቢሠራ ምን ይፈይዳል?» ለሚሉን ሰዎች ይህንን መንገድ ነው የምንነግራቸው። አፈሩ ግድቡ ጋ ከደረሰ በኋላ ማውጣት ከባድ ሥራ ነው። እዚህ ጋ ግን ዶማና ሣር ይበቃዋል።

ታዲያ ለምን ሣር? አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ ተክሎ የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በጣም ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ችግኝ ብቻውን ለወንዝ አፋፍ አይሆንም። በሰኔ የገባ ችግኝ ሐምሌ ላይ ገና ሥር አልሰደደም፤ ጎርፉ ከነአፈሩ ይዞት ይሄዳል። እኛን ይህን ያስረዱን ዕድሜያቸውን ቡና ውስጥ ያሳለፉ አንድ አባት ናቸው። የዕድራችን አባል ናቸው። ስብሰባ ላይ ሁላችንም ስለ ዛፍ ዓይነት ስንከራከር ቆዩና «ልጆቼ፣ መጀመሪያ አፈሩን አሲዙት፤ ዛፉ ኋላ ይደርሳል» አሉን። ያሳዩን ሣር ቬቲቨር ነው።

ብዙ ሰው ቬቲቨርን ከውጭ ድርጅቶች ጋር የመጣ አዲስ ነገር ያደርገዋል። ለጅማ ግን የቆየ ዘመድ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1960ዎቹ፣ እዚሁ መልኮ ባለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ነው። ከታንዛኒያ መጥቶ የቡና ማሳ አፈር እንዲይዝ ተተከለ። ከእኛ ከተማ ተነሥቶ ብዙ አገር ያዳረሰ ሣር ነው ማለት ይቻላል። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ መፍትሔው እንዲህ ቅርብ መሆኑ ልብ ያሞቃል።

አሁን ወደ አተካከሉ ልግባ፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ እሱን ነው።

ቬቲቨር የሚበቅል ዘር አይሰጥም። በመሬት ላይ እየተሳበም አይዛመትም። ስለዚህ ማሳ ይወርራል ብላችሁ አትስጉ። የሚራባው በግንጣይ ነው። አንድ ያረጀ ጉቶ ነቅላችሁ እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ቡቃያ እንዲኖረው አድርጋችሁ ትገነጥላላችሁ። ቅጠሉን ከሥሩ በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ትቆርጣላችሁ፤ ሥሩንም 10 ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ታሳጥራላችሁ። ከዚያ እበትና ጭቃ በውሃ በጥብጣችሁ ሥሩን ትነክራላችሁ። ይህ ቶሎ ሥር እንዲሰድ ይረዳዋል። ግንጣዩ ፀሐይ ላይ መዋል የለበትም። እኛ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ነው ከጥላ ወደ ጉድጓድ የምናሻግረው።

በግንጣይና በግንጣይ መካከል ያለው ርቀት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ «በዛ» ይላል። አልበዛም። ሣሩ ሥራውን የሚሠራው ጎን ለጎን ተያይዞ እንደ አጥር ሲገጥም ነው። አንድ ክፍተት ከቀረ ውሃው እዚያ ክፍተት ላይ ተሰብስቦ ያልፋል፤ ሲያልፍ ደግሞ ከሜዳው የበለጠ ይቦረቡራል። ስለዚህ ተክላችሁ አትሂዱ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ተመለሱ፤ የደረቀውን በዚያው ዝናብ ተኩ። ለዚህ ሲባል ጥቂት ግንጣይ ጓሮ ውስጥ በመጠባበቂያ መያዝ ነው። እኛ የአንድ ጎረቤት እናት ጓሮ ለዚህ ሰጥተውናል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

መስመሩ የመሬቱን ልክ ተከትሎ መሄድ አለበት። ግንበኛ ጎረቤታችን በውሃ ልክና በሲባጎ ነው ያሰመረልን። የመጀመሪያው መስመር ውሃው ሲጎድል ከሚቆምበት ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ሌሎቹ አንድ አንድ ሜትር ያህል ከፍ እያሉ ይከተላሉ። ውሃው በሚመጣበት በኩል ባለው ጫፍ ላይ ደግሞ መስመሩ ታጥፎ አፋፉ ውስጥ መግባት አለበት፤ ያለዚያ ጎርፉ ከኋላው ይዞርበታል። ይህችን ጫፍ ንቆ የሚተዋት ሰው ብዙ ነው። ዘንድሮ ውሃው በጣም የታገለን እዚያች ጫፍ ላይ ስለነበር ነው አጥብቄ የምነግራችሁ።

መሬቱ ከተመቸው ሥሩ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ጎን ሳይሆን ቁልቁል ስለሚሄድ የጎረቤት ጎመን አይሻማም። ውሃ ቢተኛበትም አይሞትም። የሚጠላው ጥላ ነው፤ እሱን አስታውሱ።

አሁን ሰው ላይ ልምጣ። ለእኔ ትልቁ ትምህርት እዚህ ነው ያለው።

ወንዝ ዳር ባዶ መሬት አይደለም። ላም የሚያሰማራበት አለ። ለበዓልና ለቡና የሚጎዘጎዝ ጨፌ አጭደው የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ባጃጅ የሚያጥቡ ልጆች አሉ። እነዚህን ሰዎች «ተከልክሏል» ብሎ ማባረር ቀላል ይመስላል፤ ግን አያዛልቅም። ዳሩን የሚጠብቅ የለንም። እነሱ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሚጠቅመውን ይዘን ቀረብን።

ላም ያላቸው ጎረቤቶች ጥያቄያቸው መኖ ነበር። የጠነከረ የቬቲቨር ቅጠል ለከብት አይጥምም፤ ለጋው ላይ ካልሆነ ዞር ብሎ አያየውም። ለአጥሩ ጥሩ ነው፤ ለባለ ላሙ ግን ምንም አይደለም። ከቬቲቨሩ ኋላ፣ ከፍ ባለው መሬት ላይ፣ ደሾ ተከልንላቸው። ደሾ የአገራችን ሣር ነው፤ ከጋሞ፣ ከጨንቻ በኩል የተስፋፋ። አፈርም ይይዛል፣ ከብትም ይወደዋል። ስምምነቱ ግልጽ ነው፦ ደሾውን አጭደው ቤት ይወስዳሉ፤ ላሟ አፋፉ ላይ አትወርድም። የላም ኮቴ አፋፍን እንዴት እንደሚንድ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አሁን ሌላ ሰው ከብት ቢያስገባ ከእኛ በፊት የሚናገሩት እነሱ ናቸው። የሚያጭደው ሰው ጠባቂ ሆነ።

ጨፌ የሚያጭዱትን እህቶቻችንን በተመለከተ ምንም አልነካንም። ጨፌው ያለበት ረግረግ ራሱ ውሃ ማጣሪያ ነው። እንዲያውም ማጭድ አያያዝ የተማርነው ከእነሱ ነው፤ ቬቲቨሩን ጉልበት ድረስ አስቀርቶ መቁረጥ ብዙ ቡቃያ እንዲያወጣ ያደርገዋል። የተቆረጠው ቅጠል አይጣልም። ችግኝ ሥር ይነጠፋል፣ ለጎጆ ክዳንም ይሆናል።

የባጃጅ አጠባው ግን ገና ነው። ልጆቹ ሰምተውናል፤ እንጀራቸው ስለሆነ ግን ቦታ ሳያገኙ ልቀቁ ማለት አልፈለግንም። ለጊዜው ድንጋይ የተነጠፈበት አንድ መውረጃ ተውንላቸው፤ ቢያንስ አፋፉን በየቦታው አይረግጡትም። የሳሙናና የዘይት ውሃው ግን አሁንም ይገባል። ቬቲቨር ብዙ ነገር ከውሃ ይመጥጣል፤ ዘይትን ግን ተሸከምልኝ ብሎ ለእሱ መተው አይገባም። ከወንዙ ራቅ ያለ፣ የውሃ ማስቀሪያ ጉድጓድ ያለው ማጠቢያ ቦታ እየፈለግን ነው። በከተማችሁ ይህን የፈታችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። የምር እንፈልገዋለን።

ዛፉን አልረሳነውም። ደሾው ካለበት አልፎ፣ ጥላቸው ሣሩ ላይ በማይደርስበት ርቀት፣ ዶቅማና ዋንዛ ገብተዋል። ዶቅማ የወንዝ ዳር ልጅ ነው፤ እርጥበት ይወዳል፣ ፍሬውን ደግሞ የሰፈር ሕፃናት ይወዱታል። ዘሩ ግን መቆየት አይችልም። ፍሬው በስሎ ሲወድቅ ሥጋውን አጥቦ ወዲያው መዝራት ነው፤ አድርቃችሁ ለከርሞ ላስቀምጥ ካላችሁ አይበቅልም። ዋንዛ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚያጣብቀውን ሥጋ ውሃ ውስጥ አሽቶ ማስለቀቅ፣ ከዚያ መጠበቅ። ለመደብ አፈሩ የተለመደውን ነው የምንጠቀመው፦ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ብስባሹን የምንሠራው ከቡና ገለባና ከጓዳ ጥራጊ ነው። ጅማ ተቀምጦ የቡና ገለባ አጣሁ የሚል የለም።

አንድ ጎረቤታችን አፋፉ አጠገብ ባሕር ዛፍ አላቸው። ንቀሉ አላልናቸውም፤ ለልጅ ማስተማሪያ ያስቀመጡት ነው። ሲቆርጡት ግን በቦታው ቀርከሃ እንተክልልዎታለን ብለን ተስማምተናል።

ቆሻሻውን በተመለከተ፦ የሣሩ መስመር ፌስታል ይይዛል። ይህ ጥሩም ከባድም ነው። ጥሩነቱ ቦዬ ድረስ አይሄድም። ከባድነቱ ካልተለቀመ ለጋውን ቡቃያ ያፍነዋል። ከጎርፍ ማግስት መልቀም የግድ ነው፤ ተራ አውጥተናል። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ ሱቆቻችን በዘንቢል ለሚመጣ ሰው ደስ ብሏቸው እየሸጡ ነው። እናቶቻችን ዘንቢሉን መቼም ጥለውት አያውቁም።

ለመጪው ክረምት ያሰብነው ከድልድዩ ወደ ታች ያለውን የተበላውን በኩል መያዝ ነው። ፌሮዎቹን ከአሁኑ እንመታለን፤ ጉድጓድና ቦይ በሚያዝያ ይቆፈራል፤ ግንጣዩ በግንቦት መጨረሻ ዝናቡ ሲያስተማምን ይገባል። ጓሮ ያቆየነው ቬቲቨር ከእኛ ፍላጎት በላይ በዝቷል። ጅማ ወይም አካባቢዋ ያላችሁ፣ ለወንዛችሁ የምትፈልጉ ከሆነ በግንቦት ኑና ውሰዱ። እርጥብ ጆንያና ማጭድ ይዛችሁ ኑ፤ አገነጣጠሉን እዚያው አብረን እንሠራዋለን።