ጉሊቱን ቆጥረን ገባን

ማመልከቻ መጻፍ እንጀራዬ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ኮፒ ማሽን ያላት ትንሽ ቤት አለችኝ። ሰው ችግሩን ይነግረኛል፤ እኔ እጽፍለታለሁ። በጉሊታችን ቦታ ላይ ትልቅ ሱፐርማርኬት ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ሲመጣም ሰፈሩ ወደ እኔ ነው የመጣው። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ግን ነገሩን ሊያበላሸው ምንም አልቀረውም ነበር።

ቦታው ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ያለ ሜዳ ነው። ሴቶች ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና በርበሬ ዘርግተው ይሸጡበታል። በማለዳ ቀረሶና አምባዛ ይዘው የሚመጡም አሉ። ከሜዳው ጀርባ መሬቱ ይረጥባል። ደንገሉ፣ ያ ረጅሙ የውኃ ዳር ተክል፣ ከዚያ ይጀምርና እስከ ውኃው ይዘልቃል። ክረምት ላይ የሰፈሩ ጎርፍ ሁሉ የሚወርደው በዚያው ነው።

ደብዳቤውን በአንድ ሌሊት፣ በንዴት ጻፍኩት። ባለሀብቱ ቦታውን ያገኘው በጉቦ ነው ብዬ። ማታ በየቡናው የሚወራው እሱ ነበር። ቢሮ ስንገባ ኃላፊው አነበበና «ማስረጃ አላችሁ?» አለን። ዝም አልን። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ማንም አላናገረንም። ባልያዝኩት ነገር ሰው ከስሼ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መንገዱን ያሳዩኝ የዕድራችን ዳኛ ናቸው። «ልጄ፣ ስለ ሰውየው የምታውቂው የለም። ስለ ጉሊቱ ግን የማታውቂው የለም። የምታውቂውን ጻፊ» አሉኝ።

በማግስቱ ሁለት የ12ኛ ክፍል ልጆች ይዤ በደብተር መቁጠር ጀመርን። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሑድ። ማን ይሸጣል፣ ስንት ዓመት ሆነው፣ ስንት ሰው ያስተዳድራል? 61 ሻጮች አገኘን። ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ የማልፍበት ቦታ ነው፤ ብጠየቅ ግን ሃያ ይሆናሉ እል ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ የደነቀኝ ዱቤው ነው። ከሻጮቹ አብዛኞቹ የዱቤ ደብተር አላቸው። መጻፍ የማይችሉት በቃላቸው ይዘውታል። የቀን ሠራተኛው አንድ መደብ ቲማቲም ወስዶ ቅዳሜ ይከፍላል። ልጅ የታመመባትን እናት እስከ ወር መጨረሻ ይታገሷታል። ይህ ሜዳ ገበያም የድሃ ባንክም ነው። ሱፐርማርኬት ካሽ መመዝገቢያው ላይ ዱቤ አይጽፍም። ይህን በሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ሳሰፍረው ያነበበው ሁሉ ቆም ብሎ ጠየቀን።

የዕድሩ ስብሰባ ላይ ግን ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። ዲግሪ ይዞ ሁለት ዓመት ሥራ ያጣ የሰፈራችን ልጅ ተነስቶ «እናንተ የምትጠብቁት አላችሁ፤ እኔ ምን አለኝ? እዚያ ብቀጠርስ?» አለ። አንዲት አስተማሪም ሚዛኑ የታመነ፣ ዋጋው የተለጠፈ ዕቃ መግዛት እንደምትፈልግ ተናገረች። ልክ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶችም ተከፍቷል፤ ትልልቅ መደብሮች መምጣታቸው አይቀርም። ስለዚህ «አንፈልግም» የሚለውን ቃል ከደብዳቤው አወጣነው። ጉሊቱ ወዴት ይሄዳል? ጎርፉ ወዴት ይሄዳል? የሰፈሩ ልጅ ይቀጠራል ወይ? ብለን ጠየቅን። ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ ራሱ ፊርማ አሰባሳቢያችን ሆነ።

ሕግ የሚማር አንድ ደንበኛዬ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅን፣ ቁጥር 299/1995ን፣ አምጥቶ አሳየኝ። የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት፤ በተለይ ጉዳዩ የሚነካው ሕዝብ አስተያየት ይሰጥበታል ይላል። ሪፖርቱን ስንጠይቅ መጀመሪያ «እናንተን አይመለከትም» ተባልን። የአዋጁን ኮፒ አያይዘን ተመለስን። እዚህ ላይ ሥራዬ ጠቀመኝ። ደብዳቤ ሁልጊዜ በሁለት ኮፒ ይዘጋጃል፤ አንዱ ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን ያሳርፍበታል፤ እሱን ይዞ መውጣት ነው። ያ ከሌለ ከወር በኋላ «እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም» መባል አለ።

ሪፖርቱ ከሳምንታት በኋላ ተሰጠን። ስለ ፍሳሹ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ተፈጥሯዊ ቦይ ይለቀቃል የሚል። ያ ቦይ የኛ ደንገል ነው፤ ከደንገሉ ቀጥሎ ጣና ነው። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ወይም ከ15 ሜትር አያልፍም። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። እንቦጭ ምን እንዳደረገው ደግሞ የባሕር ዳር ሰው በዓይኑ አይቷል። ቆሻሻ ፍሳሽ ለእንቦጭ ቀለብ ነው። ደንገሉ ደለሉንና ቆሻሻውን ያጣራል፤ በሲሚንቶ ሲሸፈን ግን ማን ያጣራል?

የሕዝብ ውይይቱ በሐምሌ ተጠራ። እኔ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስት ገጽ ጽፌ። የዕድሩ ዳኛ «አንቺ ተቀመጪ» አሉኝና ሽንኩርት የሚሸጡትን እናት አስነሱ። እናትየው ወረቀት አልያዙም። አንድ ሕፃን ልጅ እንደሚያሳድጉ፣ ዝናብ ሲመጣ ሽንኩርታቸውን በየት በኩል እንደሚያሸሹ፣ ውኃው የት እንደሚደርስ በእጃቸው እያሳዩ ተናገሩ። «እዚህ ግድግዳ ቢቆም ውኃው የሚመለሰው ወደ ቤቶቹ ነው» አሉ። መሐንዲሱ ማስታወሻ ሲይዝ አየሁት። የኔ ሦስት ገጽ ይህን አያደርግም ነበር።

ሕንፃው ቀርቶ አይደለም፤ እየተሠራ ነው። ግን ከደንገሉ ርቆ ወደ አስፋልቱ ተጠግቷል፣ የፍሳሽ ማጣሪያ በዕቅዱ ውስጥ ገብቷል፣ ለጉሊቱም ከፊት ለፊት በቆርቆሮ የተሸፈነ ቦታ ተሰጥቷል። ለሰፈሩ ልጆች ቅጥር የተነገረን በአፍ ነው፤ በጽሑፍ አልያዝነውም። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር አለመጠየቃችን ትልቅ ጥፋታችን ነው።

የቆርቆሮው ጥላም 40 ሰው ነው የሚይዘው። ደብተሬ ላይ ያሉት 61 ናቸው። ከቀሩት ጥቂቱ ቅዳሜ ገበያ ላይ እንደሚሸጡ ሰምቼ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ፈለግኋቸው፤ አራቱን አገኘሁ። የተቀሩትን በየቤታቸው እየዞርኩ ነው። ሰኞ ዕለት አዲስ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። የ21 ሰው ስም አለበት፤ ገቢ ተደርጎ ማህተሙ ያረፈበት ኮፒ ደግሞ እኔ ጋ ነው።