ቀን ደህና፣ ማታ የሚጣደፍ ፍሬቻ

መኪናዋ ያረጀች የቤት መኪና ናት። ባለቤቷ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ደብረ ሲና ቤተሰብ ስላላቸው በጣርማበር በኩል ይመላለሳሉ። "ልጄ፣ ፍሬቻዋ ቀን ቀን ምንም አይላት። ማታ መብራት ሳበራ ነው የቀኙ የሚጣደፈው። መብራቱም በዚያው በኩል ቢጫ ሆኖ ይደክማል" አሉኝ።

ወደ እኛ ጋራዥ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ቦታ አሳይተዋታል። አምፖል ተቀየረ። ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ሪሌይ ተቀየረ። በመጨረሻ መሪው ሥር ያለው ማብሪያ እንዳለ ወጥቶ ሌላ ገባ፤ እሱ ደግሞ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ችግሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

የፍሬቻ መጣደፍ ብዙ ጊዜ የአምፖል ጉዳይ ነው። በአንድ በኩል የሚያልፈው ከረንት ከወትሮው ሲያንስ ሪሌዩ አምፖል እንደተቃጠለ ይቆጥረዋል፤ ሾፌሩ እንዲያውቅም አፍጥኖ ያበራል ያጠፋል። ኤልኢዲ አምፖል ያስገቡ ሰዎች የሚቸገሩትም ለዚህ ነው፤ ኤልኢዲ የሚስበው ትንሽ ስለሆነ። ስለዚህ መጀመሪያ አምፖል መታየቱ ልክ ነበር። ነገር ግን የተቃጠለ አምፖል ቀንም ማታም የተቃጠለ ነው። ትልቁ መብራት ሲበራ ብቻ የሚመጣ ችግር ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ፍንጩን ያገኘችው ከእኔ ጋር የምትሠራ የቴክኒክና ሙያ ተለማማጅ ናት። እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ የቀኙን ፍሬቻ ሳበራ እሷ ከፊት ቆማ ታያለች። "ይምጡና ይዩት እስቲ፣ ትልቁም መብራት አብሮ እየጠቀሰ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ፍሬቻው በበራ ቁጥር የቀኙ የፊት መብራት ደብዘዝ ይላል፤ ሲጠፋ መልሶ ደመቅ ይላል። ሁለቱ የሚበሩት በተለያየ ፊውዝ ነው። ታዲያ የት ተገናኙ? መመለሻቸው ላይ። የሁለቱም ግራውንድ፣ ማለትም ከረንቱ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት ሽቦ፣ በአንድ ቡሎን ከቦዲው ጋር ታስሯል። ያ መመለሻ ከጠበበ ትልቁ መብራት ሲበራ በፍሬቻው የሚያልፈው ከረንት ያንሳል፤ ሪሌዩም አምፖል የተቃጠለ መስሎት ይጣደፋል።

ባለቤቱን "ጋሼ፣ ይሄ ጥግ ተጋጭቶ ነበር እንዴ?" አልኳቸው። ክረምት ላይ ላሜራና ቀለም እንዳሠሩ ነገሩኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ልኬት ነው። ብዙ ባለሙያ ግራውንድ የሚፈትሸው የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ መልቲሜትሩን፣ ድምፅ ላይ አድርጎ ነው። ጢጥ ካለ ደህና ነው ብሎ ያልፋል። እኔ በዚህ ዘዴ አልስማማም። አንድ ክር የመዳብ ሽቦ ብቻ ቢቀር እንኳ ይጮኻል። ያቺ ክር ግን የፊት መብራት ከረንት መሸከም አትችልም። መለካት ያለበት መብራቱ በርቶ፣ ሥራ ላይ እያለ ነው። መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የአምፖሉ ግራውንድ ሽቦ ላይ መንካት። ጤነኛ ከሆነ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው፤ ከ0.2 ቮልት ካለፈ እኔ ዝም አልለውም። እዚህች መኪና ላይ መብራቱ ሲጠፋ ዜሮ፣ ሲበራ ከ3 ቮልት በላይ አነበብን። (አንዳንድ መኪና ላይ ማብሪያው የሚቆርጠው በኔጋቲቩ በኩል ስለሆነ መጀመሪያ የመስመር ሥዕሉን ማየት ያስፈልጋል።)

3 ቮልት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ከ12 ቮልት ግን ሩቡ ነው። ሃሎጅን አምፖል የሚያገኘው ቮልት በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ በእንዲህ ያለ መብራት መንዳት ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። መብራቱ ሲደክምባቸው ሰው መክሯቸው በ55 ዋቱ ፋንታ ባለ 100 ዋት አምፖል ከሶማሌ ተራ ገዝተው አስገብተዋል። 55 ዋት በ12 ቮልት 4.6 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 100 ዋት ከ8 አምፔር በላይ። መንገዱ በጠበበበት ብዙ ከረንት ሲላክ ግራውንዱ ላይ የሚባክነው ይጨምራል እንጂ መብራቱ እንደታሰበው አይደምቅም። ፊውዙ መቃጠል ሲጀምር ደግሞ በ15 አምፔሩ ምትክ 30 ተደረገ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ለ15 የተሠራ ከሆነ 30 ሲያልፍበት ከፊውዙ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። የአምፖሉን ሶኬት ስናወጣ ፕላስቲኩ ቡኒ ሆኖ መቅለጥ ጀምሮ ነበር። ፊውዝ ማሳደግ መኪና ማቃጠል ነው፤ ማንም ቢነግራችሁ እሺ አትበሉ።

ቡሎኑን ስንፈታው የግራውንዱ ሽቦ ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት የተቀመጠው ቀለም ላይ ነው። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ከረንቱ ሲያልፍ የነበረው በቡሎኑ ጥርስ ብቻ፣ እሱም ዝጓል። ተለማማጇ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ንጹህ ብረት እስኪታይ ፈገፈገችው። አዲስ ቀለበት አሰርን፣ አጠበቅን፣ ዝገት እንዳይነካው ከላይ ግሪስ ቀባን። ሶኬቱ ተቀየረ፣ 55 ዋቱና 15 አምፔሩ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። መብራቱ በርቶ ስንለካ ከ0.1 ቮልት በታች ሆነ። ፍሬቻውም ረጋ ብሎ መጥቀስ ጀመረ።

የቀድሞው ማብሪያ ምንም እንዳልነበረው ስነግራቸው ጋሼ ከፋቸው፤ ገንዘባቸው ነውና ልክ ናቸው። የላሜራ ቤቱን ስልክ ተቀብዬ ደወልኩ። የሠራው ልጅ ጥሩ ሰው ነው፣ አልተከራከረም። የግራውንድ ቡሎን የሚያርፍበትን ቦታ ቀለም ከመረጨቱ በፊት በቴፕ እንዲሸፍን ነገርኩት። በማግስቱ ቀለም ቤት የገባች ሌላ መኪና ፎቶ ላከልኝና "እነዚህ ብቻ ናቸው ወይስ ሌላም አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ከኋላ መብራቶቹ አጠገብ ያሉትን ሁለቱን ረስቷቸው ስለነበር አሳየሁት።